ላንድሮቨሩ ይሸጥ ወይስ ይሠራ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። ይህን ስል ገጹን ገልጣችሁ ልታልፉ የተዘጋጃችሁ እናቶችና አያቶች እንደማትጠፉ አውቃለሁና ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የልጅ ነገር ነው።

እኛ ቤት 10 ወር የሞላው ክርክር አለ። በአንድ ወገን ሴት ልጄ፣ በሌላው ወገን የእሷ የበኩር ልጅ፣ መካከል ላይ እኔ። የተጣሉበት ጉዳይ ጓሮ የቆመው አሮጌ ላንድሮቨሬ ነው። እናት “ይሸጥና ገንዘቡ ለግል ኮሌጅ ይከፈል” ትላለች። ልጅ “አይሸጥም፤ ሠርቼ ጭቃ የማይበግረው ፒክአፕ አደርገዋለሁ” ይላል። ገዢው ደግሞ አልጠፋም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአሮጌ መኪና በር የሚያንኳኳው ሰው በዝቷል። አንዱማ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ በመጣ ቁጥርም ዋጋ ይጨምራል።

ልጁ አምና 12ኛ ክፍል ተፈተነ። ውጤት አልመጣለትም፤ ለሪሚዲያልም አልበቃም። ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ አራት እንኳ አይሞሉም ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ምንም ቢሆን፣ ራት አልበላም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ልጅ የእናንተው ልጅ ነው። “ብዙ ሰው ወድቋል” ብሎ ማጽናናት ለጎረቤት ይሆናል እንጂ ለእሱ አይሆንም። ሁለት ሳምንት ያህል ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲመላለስ ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት መጣና “አባባ፣ የላንድሮቨሩን ቁልፍ ይስጡኝ” አለኝ።

ሰጠሁት። በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ አንድም ቡሎን ሳይፈታ መጀመሪያ ወረቀቱን ይጨርስ። የመኪናውን አካል ወይም ሞተር ልቀይር የሚል ሰው ከመንገድ ትራንስፖርት ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሞተሩና ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ይህን ሳያጣሩ ሥራ የጀመሩ ሰዎች መኪናቸውን አሳምረው ጨርሰው ቦሎ ሊያወጡ ሲሄዱ ተመልሰዋል። ልጁ ሊብሬውን ይዞ ሄደ፣ ተሰለፈ፣ ጠየቀ፣ የሚያስፈልገውን በደብተር ጽፎ መጣ። ከውጤቱ በኋላ በራሱ ፈቃድ ከግቢ የወጣው ያን ቀን ነው።

ስለ መኪናው ትንሽ ልንገራችሁ። 30 ዓመት ገደማ ከእኔ ጋር ኖሯል፤ በጨረታ ነው የገዛሁት። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 109 ኢንች፣ ማለትም 277 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ “ረጅሙ” ይሉታል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የወልቂጤ አካባቢ ልጅ ነበረች። መስቀል በደረሰ ቁጥር ልጆቹን፣ ዘመዱን፣ ቂቤውንና ጨውን ጭነን በወሊሶ በኩል የምንወርደው በእሱ ነበር። እስከ ወልቂጤ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዋልካ ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መስከረም ላይ ዝናቡ ቢያባራም መሬቱ ገና አይጠነክርም። መኪናው ከቆመ ወዲህ የመጨረሻዋን መንገድ በእግራችን ነበር የምንሄዳት፤ እኔ ደግሞ በጉልበቴ ምክንያት ሁለት መስቀል ቀርቻለሁ። የባለቤቴ ታላቅ እህት አሁንም እዚያ ናቸው፤ 80 ዓመት አልፏቸዋል።

ልጁ ሥራውን የጀመረው በመዶሻ ነው፤ ግን ለመምታት ሳይሆን ለማዳመጥ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ፣ እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ ወጥታ ብረት በራሽን የምታከፋፍልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት፤ ልማዱም ቀጠለ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ዝገት አይበላውም፤ መኪናውም ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ሻንሲው ግን ብረት ነው። አራት ላሜራ እንደ ሳጥን ተበይዶ የተሠራ በመሆኑ ውኃና ጭቃ ውስጡ ገብቶ ይቀመጥና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚነካኩበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲያገኙ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆኑና አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። በመዶሻ ቀስ አድርጎ ሲነኩት ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ልጁ ከፊት እስከ ኋላ እየነካካ በጠመኔ ምልክት አደረገ። 11 ቦታ ተገኘ።

ደግነቱ የዚህ መኪና አካል በአብዛኛው በቡሎን የታሰረ ነው። የኋላ ጣሪያውንና ጎኖቹን ለማንሳት መቁረጥ አላስፈለገም፤ ፈቱት። ከሌላ የሞተ ላንድሮቨር የተገኘ አጭር ጣሪያ ከሾፌሩ ጀርባ ሲገጠም፣ የተሸፈነው መኪና ካሶኒ ያለው ፒክአፕ ሆነ። የጎደለውን ዕቃ ልጁ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ እየተመላለሰ ለቀመው። መከራከር፣ ማነጻጸር፣ “ነገ እመጣለሁ” ብሎ መሄድ እዚያ ተማረ። የሻንሲውን ብየዳ ግን አልነካም። ሰው የሚሸከም ብረት በለማጅ እጅ አይበየድምና፣ የሰፈራችን በያጅ አምስት ቅዳሜ መጥቶ ሠራው። ልጁ ላሜራ እየለካ፣ እየቆረጠ፣ ዝገት እየፋቀ አቀበለው።

እዚህ ላይ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ልጅ መኪና የሚፈታባችሁ ካላችሁ፣ የእኛን ቤት ሕግ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ የሚሸከመው ጠንካራ ካቫሌቶ ወይም ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ነው። ብሎኬት አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ባዶ የነዳጅ ታንከር አይበየድም። ሙሉ ከሆነው ይልቅ ባዶው ይፈራል፤ የሚፈነዳው ተኑ ነውና። ሦስተኛ፣ ብየዳን ያለ መከላከያ ያየ ዓይን ወዲያው አያምም፤ ሌሊት ነው አሸዋ የገባበት ያህል የሚያቃጥለው። ስለዚህ ትንንሾቹ ልጆች በብየዳ ቀን ግቢ አይወጡም። ቆርቆሮ ወይም ሌላ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስም ያሳምማል። አራተኛ፣ ያለ መነጽር ግራይንደር አይነሳም። አምስተኛ፣ በአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ይህ ሳንባን የሚጎዳ ነገር ነው። ታምቡሩ ሲከፈት አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር እፍ ማለት ክልክል ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። እነዚህን በካርቶን ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በጎማ ነው። ልጁ እንደ እኩዮቹ መኪናው ከፍ ብሎ፣ ትልልቅ ጎማ አድርጎ እንዲታይለት ፈለገ። እኔ “አይሆንም” አላልኩም፤ “አስላው” አልኩት። የመኪናው ጎማ ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱ የተመኘው 89 ነው። ወረቀት አምጥቶ በ3.14 አባዛ። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ሲዞር 251 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ሁለተኛው 279። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል መኪናው በእውነት 67 ገደማ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሞተሩም ያንኑ ያህል ይከብደዋል፤ ፍሬኑም የሚያቆመው ይበዛበታል። ባሌስትራው ከፍ ሲል ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ይሄድና በጠመዝማዛ መንገድ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ወረቀቱን አንድ ቀን ሙሉ ኪሱ ይዞት ዋለ። ማታ መጣና “አባባ፣ አክስት ከኋላ የሚቀመጡ ከሆነ ዝቅ ያለው ይሻላል” አለኝ። ትልቁ ጎማ በዚሁ ቀረ። ሒሳብ የወደቀው ልጅ ነው ይህን ያሰላው።

እናቱስ? የእሷን ጭንቀት አቅልላችሁ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። ልጄ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ለዚህ የደረሰችው በማታ ትምህርት ነው። “አባዬ፣ እኔ የለፋሁት ልጄ ዘይት ተለውሶ እንዲኖር ነው?” ስትለኝ የተናቀ ሥራ ብላ ብቻ አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰው በዚህ ከተማ በር ላይ እንዴት እንደሚመለስ ስላየች ነው። ለእጅ ሥራ ያለን ንቀትም የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን ዛሬም መኪናችን ሲበላሽ የምንለምነውን ሰው፣ ልጃችን እሱን ልሁን ሲል እንደነግጣለን።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ወደ ጓሮ መጣችና “እስካሁን ስንት ወጣ?” አለች። ልጁ ደብተሩን ሰጣት። ቀኑ፣ ዕቃው፣ ዋጋው፣ የተገዛበት ቦታ፣ ደረሰኙ በስፒል ተያይዟል። የባንክ ሰው ናትና ቆማ ገጽ በገጽ አየችው። “ይህን ማን አስተማረህ?” አለችው። “ማንም፤ አንዱን ዕቃ ሁለቴ እንዳልገዛ ብዬ ነው” አላት። ምንም አላለችም። ደብተሩን ግን ይዛው ገባች፤ በማግሥቱ ድምሩን ከታች በቀይ ጽፋ መለሰችው።

ፍሬኑ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አዲስ የፍሬን ዘይት ከተሞላ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት፤ አየር ካለ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ዘንድ ሆኖ ትንሿን ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከሩቁ ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል። እኔ ጉልበቴ አልረገጥም አለ። ልጁ “እማዬ፣ አንዴ ትረጂኛለሽ?” ብሎ ተጣራ። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ገብታ ተቀመጠች። “ርገጪ... ያዢው... አሁን ልቀቂ።” እንዲህ አራቱንም ጎማ አዳረሱ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። በመካከሉ አንዴ ቀድማ ለቀቀችና “እማዬ! አየር ገባ፤ እንደገና” ብሎ ተቆጣት። እሷም “እሺ” አለችው። ውጤቱ ከመጣ ወዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ ሳይጨቃጨቁ ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

አሁን ያለነው እዚህ ነው። እናት አንድ ሐሳብ አቀረበች፣ ልጅ ተቀበለ፦ መስከረም ላይ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶሞቲቭ ይመዘገባል፤ የብቃት ምዘናውንም ይወስዳል። ዘይቱ ካልቀረ ወረቀቱም ይኑር ማለቷ ነው። መኪናው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ምርመራ ይገባል። ካለፈ ለመስቀል በእሱ ወደ ወልቂጤ እንወርዳለን። ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ከዚያ ስንመለስ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንወስናለን። ገዢው አሁን ለተሠራው መኪና ያቀረበው ዋጋ የሚናቅ አይደለም። ልጁም “ከሸጥን በገንዘቡ ሌላ የሞተ መኪና ገዝቼ እሠራለሁ” ማለት ጀምሯል። እንግዲህ አስቡት፤ አልሸጥም ያለው ልጅ አሁን ስለ መሸጥ ሲያወራ፣ ይሸጥ ያለችው እናቱ “ፍሬኑን እኔ ነኝ የረገጥኩት፤ እንዲሁ በቀላሉ አይሸጥም” ትላለች።

ልጃችሁ ውጤት ያልመጣለት ወላጆች፣ ሁላችሁም ጓሮ ላንድሮቨር የላችሁም። የተበላሸ ብስክሌት፣ የቆመ የስፌት መኪና፣ የሚያፈስ ጣሪያ ግን አይጠፋም። ልጁ አንድ ነገር ልሥራ ብሎ ሲጠይቅ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ወረቀቱ ተሟልቷል? አደጋው ምንድን ነው? ወጪው የት ተጽፏል? ሦስቱን ከመለሰላችሁ ቁልፉን ስጡት። ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ ላይ ሲደርስ ደግሞ እስኪጠራችሁ ቅርብ ሁኑ።

የምርመራውን ነገር እነግራችኋለሁ። ቸር እንሰንብት።