ፈቃዱ ለግድግዳው ነው ወይስ ለሰው?

«ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸው» የማይባልበት ስብሰባ የለም። እኔም ስንት ጊዜ ብየዋለሁ። ተረካቢዎቹን ዛሬ የተረከበው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ የመጣብኝ ግን ለተግባር ልምምድ ሐይቅ ከተማ ስመደብ ነው።

የደረሰኝ መዋዕለ ሕፃናት (ስሙ ይቆየን) መግቢያው ላይ የንግድ ፈቃዱና የዕውቅና ወረቀቱ በፍሬም ተሰቅለዋል። ፋይሉ ውስጥም የመምህራን የትምህርት ማስረጃ አለ። ባለ ማስረጃዋ ግን ቤቱን ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ወረቀታቸው ብቻ ሥራ ላይ ነው።

እዚያ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ዲፕሎማ ያላት ወጣት መምህርት ናት። የአራት ዓመት ልጆችን ግማሽ ቀን ሙሉ ፊደል ስታስገለብጥ ትውላለች። አንዲት ልጅ ሱሪዋ ላይ ሸንታ ብትገኝ ከፊት አቆመቻት፤ ክፍሉ ሳቀ። ሁለተኛዋ ልጆቹ «እትዬ» የሚሏቸው ሞግዚት ናቸው። ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጠዋል። ልጅቷን እጇን ይዘው ወጡና «አብሽሪ የኔ እናት፣ ይደርቃል እኮ!» እያሉ ልብሷን ቀየሩላት። ቀጥለው ቆርኪ አምጥተው ከሁለት ልጆች ጋር አስቀመጧት፤ አንዱ ይሰጣል፣ አንዷ ትቆጥራለች። እኛ በጨዋታ ማስተማር እያልን ለፈተና የምንሸመድደው ይኸው አይደል? የት ተማሩት ብላቸው «ሰባት አሳድጌ!» አሉኝ።

ታዲያ ነገ «ያለ ማስረጃ ሕፃን መያዝ ክልክል ነው» የሚል መመሪያ ቢወጣ የሚባረረው ማን ነው? እትዬ ናቸው። ምንም ዓይነት ፈቃድ አያስፈልግም ከተባለ ደግሞ ማንም እየመጣ በልጆቻችን ይለማመዳል። የጉዳዩ አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ቢያውቃቸውም ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለኅብረተሰቡ የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ «ዜሮ ክፍል» በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ክፍሉ በዛ፣ ልጁም በዛ። የሚይዘው ሰው ዝግጅት ግን እኩል አልተራመደም። በየገጠሩ ዜሮ ክፍል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለዚህ ዕድሜ ላልሠለጠነ ሰው ነው።

ለሰው ፈቃድ መስጠት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነበር። በአብነት ትምህርት አንድ ደቀ መዝሙር መምህር ለመሆን ከታወቀ መምህር ዘንድ ያስመሰክራል። የወሎ ሸሆችም ደረሳቸው ኪታቡን ሲያጠናቅቅ ኢጃዛ ይሰጡታል። ሁለቱም የሚመሰክሩት ለሰውየው ነው፤ ለቤቱ ስፋት አይደለም። ጉድለቱ ግን እዚያም አለ። ማስመስከር ለከፍተኛው ትምህርት ነው፤ ለትንንሾቹ ፊደል የሚያስቆጥረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ ያለ ተማሪ ነው። ትንሹን ልጅ ለማንም መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ፈቃድ ይኑር፣ ግን ለሰው ይሁን፤ የሚመዘነውም ከልጆች ጋር በሚሠራው ሥራ ይሁን። በቴክኒክና ሙያ በኩል ሲኦሲ የምንለው ምዘና በሥራ ላይ የተማረንም ሰው ይቀበላል። ግንበኛው በእጁ ሥራ ከተመዘነ እትዬ ለምን አይመዘኑም? የመጀመሪያው ደረጃ የሕፃን ደኅንነት፣ ንጽሕናና የመጀመሪያ ዕርዳታ ይሁን። ሁለተኛው ጨዋታና ቋንቋ። ከዚያ በላይ ያለው ዲፕሎማ ይሁን፣ ባለ ዲፕሎማዋም በክፍል ውስጥ ትታይ። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደስ።

«ይህ ሁሉ ወጪ ክፍያ ያንራል፤ በሐይቅና በውጫሌ ገበያ ውላ የምትገባ እናት ልጇን ቤት ቆልፋ ትሄዳለች» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ምዘናው በሥራ ቦታ ይካሄድ፣ የመጀመሪያው ደረጃ በነፃ ይሰጥ፣ ለነባር ሠራተኞችም በቂ ጊዜ ይፈቀድ። ምንም ሳይጠየቅ መቅጠርስ ርካሽ ነው? ክፍያውን የምትከፍለው ያቺ ከክፍል ፊት የቆመች ልጅ ናት።

ለእኛ ወሎ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሐይቅና በአምባሰል አልፏል። ተኩስ ሰምቶ የደነገጠ፣ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ሲል ወይም ሲማታ «ባለጌ» የሚለው ሰው አንድ ነው፣ ምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ሌላ ነው።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነገ ወረቀቱን ይዘን እንወጣለን። ግሬዳችንን እናውቀዋለን። የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ማባበል ግን ስንቶቻችን ተመዝነናል? መምህራኖቻችን ከምረቃ በፊት አንድ ሳምንት እንደ እትዬ ካሉ ሴት ዘንድ ቢያስቀምጡንና እሳቸው ቢመሰክሩልን፣ እኔ በበኩሌ የመጀመሪያዋ ተመዛኝ ለመሆን ዝግጁ ነኝ።