ሳይከፈት የተፈረደበት

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ ሰው ሱፍ ለብሷል፣ ላፕቶፕ በትከሻው አንጠልጥሏል፣ ራሱንም «የአይቲ ባለሙያ ነኝ» ብሎ ያስተዋውቃል። መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ የካፋዋ ቦንጋ ውስጥ ካለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነው ያገኘሁት። የቤቱ ባለቤት የማንኪራ ልጅ ነው። ኮምፒዩተሩ ደርቆ ቆሟል፣ ደንበኛ ተሰልፏል፣ ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። ባለሙያው ወንበር እንኳ ሳይስብ፣ ኬዙን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ፈረደ። «ይሄ አርጅቷል፤ ጣለውና ላፕቶፕ ግዛ።»

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ጠቤን ታውቁታላችሁ። «ጣለውና ግዛ» የምትለዋን ቃል ስሰማ የጠጣሁት ቡና ይመርረኛል። ስለ ስልክ ስክሪን ጥገና ስጽፍ ስንቱ እንደተቆጣኝ አልረሳሁትም። እንግዲህ ዛሬም ተቆጡ።

ያንን ማሽን ለልጁ ማንም አልሸጠለትም፤ ራሱ ነው ሰብስቦ የገጠመው። ኬዙን ከወዳጁ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከጅማ፣ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ከመርካቶ። ማዘርቦርዱ ኤች 61 የሚባለው ቺፕሴት ያለበት ነው፤ ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ላዩ ላይ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ ስሪ ተቀምጦበታል። ዕድሜው ሄዷል፣ አልክድም። ሥራው ግን ምንድን ነው? ማመልከቻ መጻፍ፣ የሠርግ ካርድ ማሰናዳት፣ ጉርድ ፎቶ ማስተካከል፣ የጨረታ ሰነድ ማተም። ለዚህ ሥራ ያ ፕሮሰሰር ዛሬም አያንስም።

ባለሙያው ከሄደ በኋላ «ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫን» አልኩት። ታስክ ማናጀር መጣ። ፕሮሰሰሩ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አላወጣም፤ ራሙ ግን አፉ ድረስ ሞልቷል። ክዳኑን ስንከፍት ያገኘነው ባለ 2 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ራም ነው። ሁለተኛው ስሎት ባዶውን አቧራ ይጠጣል።

ፎቶሾፕ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝና ክሮም በ2 ጊጋ ላይ አንድ ላይ ሲከፈቱ በአንዲት ሚጢጢ ምጣድ የሠርግ እንጀራ እንደመጋገር ነው። ዊንዶውስ ራሙ ሲሞላበት የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል፣ ሲፈልገው ደግሞ ከዚያው ይመልሳል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለዚህ ዓይነት መመላለስ አልተሠራም፤ ፍጥነቱ ከራም ጋር አይወዳደርም። የሃርድ ዲስኩን ሥራ የምታሳየው የኬዙ መብራት ሳታቋርጥ የምትበራው፣ ማውሱም የሚደርቀው ለዚህ ነው። እርጅና አልነበረም፤ ጥበት ነበር።

ልጁ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ሊደውል ስልኩን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። ራም ለመግዛት «ራም ግዛልኝ» ማለት አይበቃም። ዲዲአር ቱና ዲዲአር ስሪ ሁለቱም 240 እግር አላቸው፣ ግን የታችኛዋ ስንጥቅ ቦታዋ ይለያያል። ዲዲአር ፎር 288 እግር አለው። አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ አስገባለሁ ያለ ማዘርቦርዱን ይቀብራል። የላፕቶፕ ራም ደግሞ አጭር ነው፣ በስልክ ሲነገር ግን አጭርና ረጅሙ አይታይም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ርካሹ ነው። ገበያ ላይ በኤኤምዲ ማዘርቦርድ ብቻ የሚሠራ ባለ ብዙ ጊጋ ዲዲአር ስሪ አለ፤ መልኩም እግሩም ትክክል፣ ኢንቴል ላይ ሲሰካ ግን ማሽኑ አይነሣም። ከሰርቨር የተነቀለ ራምም አለ፤ እሱም የቤት ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ አንዳንዱም አያውቀውም።

ስለዚህ የነባሩን ራም ስቲከር ፎቶ አንሥተን ላክን። «ባለ 4 ጊጋ፣ ሁለት ፍሬ፣ ዲዲአር ስሪ፣ የዴስክቶፕ፣ ለኢንቴል የሚሆን» ብለን ጻፍን። አንድ ባለ 8 ለምን አልሆነም የምትሉ ትኖራላችሁ። እኩል የሆኑ ሁለት ፍሬዎች ሲሰኩ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም ጎን ለጎን ያነባል፤ አንድ ብቻ ሲሆን በአንድ በር ይወጣል ይገባል። ፍጥነቱ 1600 የተባለው ቢመጣም ግድ የለም፤ ያ ፕሮሰሰር በ1333 ያሠራዋል።

ዕቃው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በጅማ መንገድ መጣ። ያገለገለ ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን? ራም የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ አያልቅም፣ ከተበላሸም ሜምቴስት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አንድ ሌሊት አድሮ ያጋልጠዋል። የሁለቱ ፍሬ ዋጋ፣ ባለሙያው ግዛ ካለው ላፕቶፕ ዋጋ አጠገብ ማስቀመጥ እንኳ ያሳፍራል።

መብራቱን አጠፋን፣ ገመዱን ነቀልን፣ የቀረው ኮረንቲ እንዲወጣ ማብሪያውን ተጫንን፣ የኬዙን ብረት ነካን። የካፋን እርጥበት ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘንባል። ስለዚህ የራሞቹን እግር በተማሪ ላጲስ ቀስ ብለን አጸዳን (በአልኮል ይሁን የሚሉ አሉ፣ ትክክል ናቸው፣ ላጲሱ ግን ከጎረቤት ሱቅ ይገኛል)። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫንን። ማሽኑ ተነሣ፣ ባዮሱም 8 ጊጋ አለ።

ዊንዶውስ ሲከፈት ግን 3 ጊጋ ከምናምን ብቻ መጠቀም እንደሚችል ነገረን። «ጋሼ፣ ሸወዱን!» ብሎ ጮኸ ልጁ። ማንም አልሸወደውም። የጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ራም ብትሰኩ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጠን ባለ 64 ቢቱን ዊንዶውስ 10 ጫንን። ከዚያ ወዲህ ፎቶሾፕም፣ ፓወር ግዕዝም፣ ክሮምም ተከፍተው ልጁ ደንበኛ ያስተናግዳል።

«ዊንዶውስ 10ን ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ አልደግፍም ብሏል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያንን ፕሮሰሰር አይቀበልም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የባንክ ነገርህን በስልክህ ሥራ አልኩት። እኔማ ሊኑክስ ልጭንለት ነበር፤ ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን አይንቅም። ያልቻልኩት በፎንት ምክንያት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ልጅ ወልዷል። እኛ ግን እስካሁን ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሮጌ ኮድ የተጻፈ ቅጽ በፍላሽ እንቀባበላለን፤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት ደግሞ የላቲን ፊደል ብጥስጣሽ ሆኖ ይመጣል። የጽሕፈት ቤት ልጅ ደንበኛው ያመጣለትን መክፈት አለበት። ይህን ጠብ ሌላ ሳምንት እመለስበታለሁ፣ ዛሬ ደሜ ከፍ ብሏል።

ላፕቶፕ ግዛ ባዩ ሌላም ያላየው ነገር አለ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። በዚያ ላይ ዘንድሮ ራም ራሱ በዓለም ገበያ ተወድዷል። የዓለምን ራም በብዛት የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች አዙረዋል። ማይክሮን ኅዳር 24 ቀን 2018 ክሩሻል የሚለውን ለተራው ሰው የሚሸጠውን ራም ሊያቆም መሆኑን አስታውቋል። የዛሬ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ደግሞ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ሲጠብባችሁ የምትጨምሩበት ስሎት የላቸውም፤ ሲጠብ መጣል ነው። ልጁ የገጠመው ኬዝ ግን በካቻቪቴ ይከፈታል፣ ማዘርቦርዱም እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል።

ሳላስበው ሐሳቤ ወደ ልጁ የትውልድ ቦታ፣ ወደ ቡናዋ ማንኪራ ሄደ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ሕግ፣ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና አልገዛም ይላል። የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ መገኛም በካርታ ነጥብ ተመዝግቦ ይቅረብልኝ ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ይመጣል ግን። የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከደኑ ሥር ቡና የሚለቅመው ገበሬም ደን መንጣሪ አይደለም። ይህን የሚያስረዳለት ግን መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚቀመጠው። እናት ቡና የኛ ናት፣ የለም የኛ ናት እያልን ከጅማዋ ጮጬ ጋር ስንከራከር ዓመታት አለፉ። (ጮጬዎች አትቀየሙኝ፣ ማንኪራ ናት።) ገዢው ክርክራችንን አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው የማሳውን ነጥብ ነው። የገበሬ ስምና የካርታ ነጥብ ለመመዝገብ ደግሞ 8 ጊጋ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል፤ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራምም በነጻ ይገኛል።

አሮጌ ዴስክቶፕ ከየት ይመጣል? ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ፤ እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል። «ምናቸው ነው የተበላሸው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይዘገያሉ» አሉኝ። ከፍቶ ያያቸው አልነበረም። ሞዴል 19፣ ሞዴል 22 እያልን ለአንድ ወንበር ደረሰኝ የምንቆርጥ ሰዎች፣ አንድን ማሽን ለማስወገድ አንድ ቃል በቃን።

የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አባላት ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱ። ዓይነታቸው አንድ ከሆነ የሁለቱን ራም አንዱ ላይ ሰኩና የሚነሣውን ለትምህርት ቤት ወይም ለቡና አምራቾች ማኅበር ስጡት። የማይነሣውን ያኔ አስወግዱ፤ አልከራከራችሁም። ካቻቪቴ የለንም የምትሉ ከሆነ እኔ አውሳችኋለሁ፣ መመለሱን ግን እንዳትረሱ።