የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የመተማ አፈርና የድንድር ውኃ



ከገዳሪፍና ከቁረይሻ ሜዳ ተነሥቶ ገላባትን አልፎ መተማ የሚገባ መንገደኛ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሀገራቸው ደማቸውን ያፈሰሱበትን ምድር ሳያስተውል እንዳያልፍ በማሰብ፣ ይህን እትም ለኢትዮጵያና ለሱዳን ድንበር ታሪካውያን ሥፍራዎችና ለአራዊቱ መጠለያዎች መድበነዋል።

ከኢትዮጵያ ደጋ የሚፈልቀው የድንድር ወንዝ በክረምት ሞልቶ በበጋ ሲጎድል፣ «ማያ» በሚባሉት ረግረጎች የሚተወው ውኃ ለድፋርሳው መጠጥ፣ ለአእዋፉም ማረፊያ ይሆናል፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የተከለለው የሱዳኑ ድንድርና ጎረቤቱ የቋራው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንድ ዱር ናቸውና፣ አንበሳው ወሰን ሳያውቅ ይመላለስባቸዋል።

ፍጥረትን መጠበቅ ከፈጣሪ የተሰጠ አደራ እንደ መሆኑ፣ የሁለቱ ሀገሮች ሕዝቦች ይህን ርስት በኅብረት ለትውልድ እንዲያስተላልፉ፣ አንባቢም ሥፍራውን ሄዶ እንዲጎበኝ በትሕትና እናሳስባለን።

አዘጋጁ