ለበገናው መምህር ቋሚ ወንበር ይቁም

አቶ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር የጀመሩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። አሥሩን አውታር ቃኝቶ፣ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ድርደራውን የሚያርም መምህር ሲታጣ የሚጎድለው አንድ የሥራ መደብ ብቻ አይደለም፤ በመጽሐፍ የማይተካ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ አቅም ያላቸው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያሉት፣ በያሬድ ትምህርት ቤት ለአገር ባህል ሙዚቃ መምህር የሚሆን ዘላቂ ሀብት እንዲያቋቁሙ እንጠይቃለን። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ዋናው ሀብት አይነካም፣ መምህሩ የሚተዳደረው ሀብቱ በየዓመቱ በሚያስገኘው ገቢ ነው።

ነገሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። ወንበር ዘርግተው ዜማና ቅኔ ያስተማሩ ብዙ ሊቃውንት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የኖሩት ለደብሩ በተሰጠ መሬት ነበር። በለንደንም ነጋዴው ቶማስ ግሬሻም የሮያል ኤክስቼንጅ የገበያ ሕንፃውን ኪራይ ለመምህራን ደመወዝ ተናዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1597 ጆን ቡል የመጀመሪያው የሙዚቃ ፕሮፌሰር ሆነ። ወንበሩ ዛሬም አለ። የቤተ እስራኤልንና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ዜማ ያጠኑት ፕሮፌሰር ኬይ ካፍማን ሸሌሜይም በሃርቫርድ የያዙት ወንበር በጂ. ጎርደን ዋትስ ስም የተሰየመ ነው። የእኛን ዜማ ያጠኑ ምሁር በሰው አገር እንዲህ ያለ ወንበር ካገኙ፣ በገና ደርዳሪው በአገሩ የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

በእርግጥ ጥንቃቄ ያሻል። በባንክ ብቻ የተቀመጠ ብር በዋጋ ንረት ያልቃል፤ የሚከራይ ሕንፃ ወይም አክሲዮን ይሻላል። ለጋሹ መምህሩን እኔ ልምረጥ ካለ ደግሞ ወንበሩ የዘመድ መጦሪያ ይሆናል። ስሙ የቤተሰቡ፣ ምርጫው የትምህርት ቤቱ መሆን አለበት። ስጦታው መንግሥት በጀት ለመቀነስ ሰበብ ሊያደርገውም አይገባም።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለበጎ አድራጎት የሚውል ዘላቂ ሀብት ማቋቋምን ይፈቅዳል። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኗል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ስጦታው የሚያዝበትን፣ ሒሳቡ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚገለጥበትንና መምህሩ የሚመረጥበትን ደንብ አውጥቶ ያስታውቅ። የወላጆቻቸውን ስም ማስጠራት የሚሹ ቤተሰቦችም ከበገናው ወንበር ይጀምሩ።