ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል ሕንፃ ወይስ ባለሙያ? የኦስሎ ቤተ መጻሕፍት ተሞክሮና የኢትዮጵያ ጥያቄ

በጎርጎርሳውያኑ 2020 አጋማሽ በኖርዌይ ርዕሰ ከተማ በኦስሎ፣ ከኦፔራ ቤቱ አጠገብ፣ ዳይክማን ቢዮርቪካ የተባለው አዲስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሩን ከፈተ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ሁለቱ ከተሞች ለንባብ የሚሰጡትን ክብር በሕንፃ ገለጹ። የኦስሎው በ2021 የዓለም አቀፉን የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ የኢፍላን፣ የዓመቱ ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሽልማት አገኘ። የአዲስ አበባውም የተማሪዎችና የወጣቶች መናኸሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ በሰከንዶች በሚዛመትበት በዚህ ዘመን፣ የቤተ መጻሕፍት ጥንካሬ በመደርደሪያው ርዝመት ብቻ የሚለካ አይደለም። አንድ አንባቢ የሰማውን ይዞ መጥቶ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚጣራ የሚያሳየው የሠለጠነ ሰው ያገኛል ወይ? በዚህ ረገድ የሁለቱ አገሮች መንገድ ይለያያል።

ሕግ የደገፈው ሙያ

የኦስሎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስሙን ያገኘው ካርል ዳይክማን ከተባሉ ባለጸጋ ነው። እኚህ ሰው በኑዛዜ ባወረሱት 6,000 ያህል መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በ1785 ለሕዝብ ተከፈተ። የዛሬውን አሠራር የቀረጸው ግን ከውርሱ ይልቅ ሕጉ ነው። የኖርዌይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ እያንዳንዱ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ አገልግሎቱ በነጻ እንዲሆን፣ ኃላፊውም በሙያው የተማረ እንዲሆን ያዛል። ከ2014 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን ነጻ የመሰብሰቢያና የሕዝብ ውይይት መድረክ አድርጎታል።

ይህ ድንጋጌ በጀት ሲጠብ በቀላሉ የሚዘለል ምክር ሆኖ አልቀረም። ጥቂት ነዋሪ ባላት የሰሜን ኖርዌይ መንደርም ሆነ በኦስሎ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት የታወቀ ሥራ ነው። አገሪቱ ባለሙያዎቹን በመደበኛ ትምህርት ማሠልጠን የጀመረችው በ1940 ሲሆን፣ ዛሬ ይህ ትምህርት በኦስሎ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ሙያው ከአንባቢው ዕድሜና ፍላጎት ጋርም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች በሚኖሩበት በቶየን ሰፈር በ2016 የተከፈተው «ቢብሎ ቶየን» ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ ጎልማሶች አንባቢ ሆነው አይገቡበትም። ማኅበራዊ መገናኛን መጠቀም በሚጀመርበት ዕድሜ ልጆቹን የሚያግዝ፣ ወላጅም መምህርም ያልሆነ አዋቂ በአጠገባቸው አለ።

መፈለግ፣ መመዘን፣ መጠቀም

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት የሚሉት፣ መረጃ የሚያስፈልግበትን ጊዜ ማወቅን፣ መረጃውን መፈለግን፣ መመዘንንና በአግባቡ መጠቀምን ነው። ስያሜው በእንግሊዝኛ ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው በ1974 ነው። በ2005 ኢፍላ ዓለም አቀፍ ጉባኤውን በኦስሎ ካካሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግብፅ እስክንድርያ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ባወጡት መግለጫ ክህሎቱን ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ ትምህርት መሠረት አድርገው አስቀምጠውታል።

ነገሩ በተግባር ቀላል ይመስላል። አንድ ፎቶግራፍ «ትናንት በዚህ ከተማ የተፈጸመ ግፍ» ተብሎ ይደርሰናል። የሠለጠነ ባለሙያ ወዲያው እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው አይልም። ወሬውን በመጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? ምስሉ ከዚህ በፊት በሌላ አገር፣ በሌላ ጦርነት ታይቷል? ጽሑፉ ቀን አለው? ሌላ ምንጭስ ራሱ አረጋግጦ ዘግቦታል ወይስ ያንኑ ወሬ ነው የደገመው? ባለሙያው እነዚህን ጥያቄዎች ከጠያቂው ጋር አብሮ ይከተላል። በሚቀጥለው ጊዜ ጠያቂው ብቻውን ያደርገዋል። ዓሣ ከመስጠት ማጥመድን ማስተማር የሚባለው ይኸው ነው።

የወሬ ዋጋ

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ የትምህርት ቤት ርዕስ ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር 2021፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ አስቀድሞ በፌስቡክ ስማቸውንና ምስላቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ወጥተው ነበር። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረቱ፤ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ኩባንያው በበኩሉ የጥላቻ ንግግርና ለአመፅ ማነሣሣት በደንቦቹ የተከለከሉ መሆናቸውን ገልጿል።

የኩባንያውን ተጠያቂነት ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጉልበት የሚያገኘው ያዩት ሰዎች ሳያጣሩ ሲያስተላልፉት ነው። ኢትዮጵያ ለዚህ የሰጠችው ዋነኛ መልስ ሕግ ነበር፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጥፊውን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ወሬው ከተሠራጨ በኋላ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ መረጃ አጣሪዎችም በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ጠቃሚ ሥራ ይሠራሉ፤ ሆኖም ጥቂት አጣሪዎች በየሰዓቱ የሚወጣውን ሁሉ ሊደርሱበት አይችሉም። ሁነኛው መከላከያ በእያንዳንዱ አንባቢ ዘንድ የሚገነባው የማጣራት ልማድ ነው።

ሕንፃው አለ፤ ባለሙያውስ?

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከባዶ አትጀምርም። አዲስ አበቤ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ ለመላው አፍሪካ የታሰበ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት በ1990 እአአ ተከፍቶ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ቢያስቆጫቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 እአአ በአዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። የእሳቸው ሥራ አንድ ነገር ያሳያል፦ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ካለ ቤተ መጻሕፍት በጋሪም ላይ ይቆማል።

ክፍተቱ ያለው ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ባሻገር ነው። በበርካታ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍቱ የሚታየው እንደ መጽሐፍ ማከማቻ ነው፤ የሚመደብበትም ለሥራው ያልሠለጠነ ሰው ነው። የሥራ ድርሻው መጽሐፍ ማውጣት፣ መመለስና እንዳይጠፋ መጠበቅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «ተማሪዎችን ከሐሰተኛ መረጃ ጠብቅ» ማለት ያልሰጡትን መጠየቅ ነው። የሚያስፈልገው በየክልሉ ሊሰጥ የሚችል አጭር የሥራ ላይ ሥልጠና፣ ሥልጠናውን የሚያውቅ የደረጃ ዕድገትና ሙያውን የሚያስከብር ሕግ ነው። ለአንድ ትልቅ ሕንፃ ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም። የሚጠይቀው ለረጅም ጊዜ የሚጸና ትኩረትን ነው።

ኖርዌይን እንደ ወረደ መቅዳትም አይቻልም። ኖርዌይ ባለጸጋ አገር ናት፤ ሕዝቡ በመንግሥታዊ ተቋማትና በመገናኛ ብዙኃን ላይ ያለው እምነት ከፍ ያለ ነው። እዚያም ቢሆን በርካታ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት በካርድ እየተከፈቱ በራስ አገዝ ይሠራሉ፤ ይህ ሰዓቱን ያራዝማል እንጂ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው አይተካም። እምነት በሳሳበት አገር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቤተ መጻሕፍት የአንድ ወገን አፍ ሆኖ ከታየ፣ «አጣሩ» የሚለው ምክሩ ራሱ ይጠረጠራል። በኖርዌይ ሕግ ውስጥ «ነጻ» የምትለዋ ቃል ክብደት የሚኖራት እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ምን ማመን እንዳለብን ከነገረን ሥራውን ስቷል፤ እንዴት እንደምንመዝን ካሳየን ግን የተለያየ አቋም ያላቸውን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ይችላል።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖችም ይህ ቅርብ ጉዳይ ነው። ከአገር ቤት የሚሰማ መርዶ ወይም ክስ በባሕር ማዶ ሲደርስ፣ ርቀቱ ጭንቀትን ያበረታል፤ የጭንቀቱም መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ሳያጣሩ ለሌላው ማስተላለፍ ይሆናል። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከኖርዌይኛ ውጪ በበርካታ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትን ለየአካባቢው ቤተ መጻሕፍት የሚያደርስ አገልግሎት አለው። በዚያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የውይይት አዳራሽና የባለሙያ እገዛም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሕጉ የሰጣቸው መብት ነው።

«አብርሆት» የሚለው ቃል ማብራትን፣ ብርሃን መስጠትን ያመለክታል። ስሙ ለአንድ ሕንፃ ብቻ እንዳይቀር ከተፈለገ፣ በወረዳና በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚቀመጠው ሠራተኛ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረና ምን ያህል እንደሚከበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጣዩ ሐሰተኛ ወሬ ሲመጣ ከአንባቢው ጋር «እስቲ መጀመሪያ እንየው» የሚለው እሱ ነውና።