የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሁለት ሆኖ የሓ

ከዓድዋ ተነስተን የሓ የገባነው በተጋባን በዓመቱ ነበር። ባለቤቴ ጥላ ፈልጋ ቁጭ ብላ ማየት ትወዳለች፤ እኔ ደግሞ እየዞርኩ መለካት። አልመቃህ ለተባለው ጥንታዊ አምላክ የተሠራው ቤተ መቅደስ ዕድሜው ወደ 2,700 ዓመት ይጠጋል። ጣሪያው የለም፤ ግድግዳው ግን ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተነባብሮ። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ማገልገሉም ሳይጠቅመው አልቀረም። «መጋጠሚያው መርፌ አያስገባም!» ብዬ ስፎክር፣ እሷ ዝም ብላ የፀጉር ማስያዣዋን አውጥታ ሞከረች። አልገባም፤ ደግነቱ!

በዚህ እትም ፍርስራሽ ለማየት አብረው የተጓዙ ጥንዶችን ማስታወሻ ሰብስበናል። በአንዱ ጽሑፍ ባልና ሚስቱ ባዩት ነገር ስላልተስማሙ የሁለቱንም አትመነዋል።