ሐይቅ የወሰደው ወርቅ

የሚኒሶታ ሙቀት አጭር ነው። በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ገላ የሚያስነካው ከጁን እስከ ኦገስት ቢሆን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ወገኖቻችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኖኮሚስ፣ ወደ ሃሪየት፣ በሴንት ፖል በኩል ደግሞ ወደ ፌለን ሐይቅ ይወርዳሉ። እናት ልጇን ለማንቦጫረቅ እስከ ወገቧ ትገባለች። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያለሰለሰው ጣት በቀዝቃዛው ውሃ ሲኮማተር ቀለበቱ ሳይሰማ ይወልቃል። የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ማታ፣ ሳሕን ሲታጠብ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ለስደተኛ እንዲህ ያለው ቀለበት ተራ ጌጥ አይደለም። በስደት መንገድ ላይ፣ ካርቱምም ሆነ ናይሮቢ፣ የእናት ወርቅ ተሽጦ የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ የሆነበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሳይሸጥ ተርፎ እዚህ የደረሰ ቀለበት ወይም የአንገት መስቀል ዋጋው በግራም አይለካም። ሆኖም ውሃ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ሰው «በቃ፣ የሐይቅ ሲሳይ ሆነ» ብሎ ይተወዋል። ይህ ችኮላ ነው።

ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ከሌላ ብረት ጋር የተቀላቀለው ባለ 18 ካራት እንኳ ከውሃ 15 ጊዜ ያህል የከበደ ነው። ስለዚህ ቀለበት በማዕበል እየተገፋ ሩቅ አይሄድም፤ ወደ ታች ወርዶ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል። ወርቅ ስለማይዝግም ክረምቱን ከበረዶ በታች ቢያሳልፍ አይጠፋም። የሚጠፋው ቦታው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ቀለበቱ መውደቁ ወዲያው ከታወቀ ባለበት መቆም ይገባል። በእግር መዳበስና ዘመድ አዝማድ ጠርቶ ውሃውን ማተራመስ ወርቁን የበለጠ ይቀብረዋል። ቆመው ወደ ዳር ይመልከቱና ሁለት የማይነቃነቁ ምልክቶችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና አንድ የመብራት ምሰሶ፣ ይያዙ። ሌላ ሰው ደግሞ ከዳር ሆኖ የቆሙበትን ቦታ ፎቶግራፍ ያንሳ። ውሃው እስከ ጉልበት ይሁን እስከ ደረት መጻፍም አይዘንጋ።

ከዚያ የሚቀጥለው ሜታል ዲቴክተር የሚባለው መሣሪያ ነው። ክብ ጥቅልል ሽቦው መግነጢሳዊ ኃይል ይልካል፤ መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት ሲነካው ምላሽ ይሰጣል፣ መሣሪያውም ይጮኻል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ሰውነት የወጋችውን ጥይት በተመሳሳይ መሣሪያ ፈልጎ ሳያገኛት ቀርቷል። የአልጋው የብረት ሽቦ አደናግሮት እንደነበር ይነገራል። ዛሬም መሣሪያውን የሚያደናግረው ሌላው ብረት ነው። የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻ ቀለበት ልክ እንደ ወርቅ ቀለበት ሊጮኽ ስለሚችል፣ ልምድ ያለው ፈላጊ አንዱንም ድምፅ ሳይንቅ፣ ረጅም እጀታ ባለው ቀዳዳ መዛቂያ አሸዋውን እየዛቀ ያጣራል። ፍለጋውም እንደ እርሻ ትልም በመስመር ነው፤ አንዱ መስመር ሌላውን በትንሹ እየደረበ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ድፍን ቀለበት በቀላሉ ይሰማል፤ ቀጭን የአንገት ሐብል ግን እያንዳንዱ ሰንሰለት ጥቃቅን ስለሆነ መሣሪያው ሊያልፈው ይችላል። ሐብሉ መስቀል ካለው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመስቀሉ ድምፅ ነው። መሣሪያ ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስብም ይጠንቀቅ፤ በብዙዎቹ ላይ ክቡ ሽቦ ውሃ ቢገባም መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውሃ አይችልም።

ይህንን ሥራ ለሰው የሚሠሩ ፈላጊዎችም አሉ። ካናዳዊው ክሪስ ተርነር በ2009 እ.ኤ.አ. የመሠረተው «ዘ ሪንግ ፋይንደርስ» የሚባለው ማውጫ በየከተማው ያሉትን ፈላጊዎች ስም ይዟል። ብዙዎቹ የሚቀበሉት ባለቤቱ የሚሰጠውን ወሮታ ነው። ቢሆንም ሳይገኝ ቢቀርስ የመኪና ወጪ ይከፈላል ወይ፣ ሲገኝስ ስንት፣ ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ፍለጋው ሕግም አለው። ዳሩ የከተማ፣ የካውንቲ ወይም የስቴት ፓርክ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡም እንደ ባለቤቱ ይለያያል። ስለዚህ የፓርኩን ቢሮ ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ይቀድማል። ጥንታዊ ነገር ቢገኝ ደግሞ አንስቶ ቤት መውሰድ አይገባም። ቀድሞ ካልሁን ይባል በነበረው በብዴ ማካ ስካ ሐይቅ ዳር ከ1829 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዳኮታ ሕዝብ መንደር ነበር። በሚኒሶታ በሕዝብ መሬት ላይ ያለን ጥንታዊ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የአገሩ ቅርስ መዘረፉ የሚያንገበግበው የአክሱምና የመቅደላ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሕይወት ነው። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነን። የሚኒያፖሊስ ሐይቆች ከዳር ሲያዩአቸው የዋሆች ይመስላሉ፤ ብዴ ማካ ስካ ግን መሐሉ ከ80 ጫማ በላይ ይጠልቃል። ከደረት በላይ ባለ ውሃ ውስጥ ለቀለበት ብሎ መግባት፣ ይልቁንም «አንተ ትችላለህ» ብሎ ልጅን ማስጠለቅ፣ ፈጽሞ አይገባም። ወርቁ አይቸኩልም፤ ለነገም፣ ለሚመጣው ዓመትም እዚያው ይቆያል።

ለጊዜው ግን ወርቁ ገና እጅ ላይ ሳለ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። የቀለበቱንና የመስቀሉን ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ውስጡ የተቀረጸውን ስምና ቀን መጻፍ። የሠርጉ ቪዲዮም ቢሆን ከሣጥን ይውጣ፤ ቀለበቱ ጣት ላይ ሲገባ የሚታይበት ቦታ ለባለቤትነት ጥሩ ማስረጃ ነው። ወደ ሐይቅ ሲኬድ ደግሞ ቀለበቱ ቤት ይዋል።